የሬኪ ሰጪ ዕድሜ፦ ዓመታት የሚጨምሩትና የማይጨምሩት

የሬኪ አገልግሎት የሚሰጡ ሰዎች ራሳቸውን ሲያስተዋውቁ ከስማቸው ቀጥለው የሚጽፉት የቆዩበትን ዘመን ነው፦ «የ20 ዓመት ልምድ»፣ «ከ30 ዓመት በላይ በዚሁ ሙያ»። አንባቢም አይከራከርም። ለጥርስ ሐኪሙም፣ ለልብስ ሰፊውም፣ ለሹፌሩም የምናነሣው ይህንኑ ጥያቄ ስለሆነ የቆየ ይሻላል ብለን እናልፋለን። ሬኪ ላይ ግን ቆም ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ዓመት ሲቆጠር የሚጨምረው ምኑ ነው? የእጁ ኃይል? በሽታን የመለየት ችሎታው? ወይስ ሌላ ነገር? ሬኪ ይሠራል አይሠራም በሚለው ላይ ያለው ክርክር ጩኸቱ ስለሚበዛ ይህኛው ጥያቄ ሳይመለስ ይቀራል። ታሪኩን፣ የተደረጉትን ጥናቶችና ከሌሎች ሙያዎች የተገኘውን ጎን ለጎን አስቀምጬ ስመለከት የታየኝ ይህ ነው፦ ዓመታት የእጅን ኃይል እንደሚጨምሩ ማስረጃ የለም፤ የባለእጁን አደብ ግን ሊጨምሩ ይችላሉ፤ እሱም ያልተሳካለትን ለሚቆጥር ሰው ብቻ ነው።

ሬኪ ላልገጠመው፦ ከጃፓን የመጣ፣ እጅን በሰውነት ላይ ወይም ከሰውነት ትንሽ ከፍ አድርጎ በማሳረፍ የሚሰጥ አገልግሎት ነው። ተቀባዩ ጫማውን አውልቆ፣ ልብሱን እንደለበሰ ይተኛል። ሰጪው አያሽም፣ አይወጋም፣ የሚዋጥም የሚቀባም አይሰጥም። መዳፉን በግንባር፣ በጆሮ ግንድ፣ በትከሻ፣ በሆድ፣ በጉልበትና በእግር ላይ እያፈራረቀ ለጥቂት ደቂቃ ያቆያል። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሰጪዎቹ በእጃቸው በኩል የሕይወት ኃይል ይፈስሳል ይላሉ፤ ይህን ኃይል ለክቶ ያሳየ መሣሪያ የለም። ተቀባዮቹ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚያወሩት ስለ ሙቀት፣ ስለ ሰውነት መፍታታትና ስለ እንቅልፍ ነው።

ነገሩን የጀመረው ሚካኦ ኡሱዪ ነው። በ1865 በጃፓን ጊፉ ግዛት ተወለደ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1922 ከኪዮቶ አጠገብ ባለው የኩራማ ተራራ ላይ ሲጾምና ሲያሰላስል ዘዴው እንደተገለጠለት ይነገራል። በዚያው ዓመት ቶኪዮ ገብቶ ማኅበር አቋቋመ፤ በ1926 ሞተ። ተማሪዎቹ በ1927 በቶኪዮ የሳይሆጂ ቤተ መቅደስ ግቢ ያቆሙለት የመታሰቢያ ድንጋይ ከ2,000 በላይ ሰዎችን እንዳስተማረ፣ በ1923ቱ ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜም ተጎጂዎችን እየዞረ እንደረዳ ይተርካል። ይህ ሁሉ የአራት ዓመት ሥራ ነው። ዛሬ ማስታወቂያው ላይ 30 ዓመት የሚጽፍ ሰው ከመሥራቹ ሰባት እጥፍ በላይ ልምድ አለው ማለት ነው፤ ሆኖም ከኡሱዪ እበልጣለሁ የሚል ሬኪ ሰጪ እስካሁን አላጋጠመኝም። በሙያው ውስጥ ያሉትም ዓመት ብቻውን ሚዛን እንደማይደፋ ልባቸው ያውቀዋል።

በኡሱዪ ማኅበር ውስጥ ሚዛን የሚደፋው ድግግሞሽ ነበር። አባላቱ በየጊዜው እየተሰበሰቡ አምስቱን የሕይወት መመሪያዎች ያነበንባሉ። መመሪያዎቹ ስለ ቁጣ፣ ስለ ጭንቀት፣ ስለ ምስጋና፣ ስለ ትጋትና ስለ ደግነት የሚናገሩ ሲሆኑ የሚታሰቡትም ለዛሬ ብቻ ተብለው ነው። ከመምህሩ የሚቀበሉት ሥርዓትም አንዴ ተፈጽሞ የሚያልቅ ሳይሆን በየስብሰባው የሚደጋገም ነበር። አንድ ተማሪ ወደ ሁለተኛው የትምህርት ደረጃ የሚያልፈውም መምህሩ እጁን አይቶ የደረሰ ሲመስለው ነው። «ቢዮሰን» የሚሉት ልምምድም ነበራቸው፤ መዳፍን በሰውነት ላይ እያሳረፉ በእጅ ላይ የሚሰማውን ሙቀት፣ ንዝረት ወይም ሕመም በመከተል የታመመውን ቦታ ለማግኘት የሚደረግ ነው። የልምድ ጥያቄ የሚያጠነጥነው በዚሁ ልምምድ ላይ ስለሆነ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከኡሱዪ ተማሪዎች አንዱ የባሕር ኃይል መኮንን የነበረው ቹጂሮ ሐያሺ ነው፤ ቶኪዮ ውስጥ ክሊኒክ ከፈተ። ሬኪን ከጃፓን ያወጣችው ሐዋዮ ታካታ የምትመጣው እዚህ ላይ ነው። በ1900 በሐዋይ ከጃፓናውያን ስደተኞች የተወለደች፣ ባሏ ሞቶባት ልጆች የምታሳድግ ሴት ነበረች። በ1935 ታምማ ጃፓን ሄደች፤ ሊደረግላት የነበረውን ቀዶ ሕክምና ትታ ሐያሺ ዘንድ ገባች፤ ለወራት ስትመላለስ ቆይታ ተሻላት። ከዚያ አስተምሩኝ አለች። እንደ ራሷ አተራረክ ትምህርቱ ሥራ ነበር፦ ጠዋት ጠዋት በክሊኒኩ፣ ከሰዓት በኋላ በየሕመምተኛው ቤት። በ1938 ሐያሺ ሐዋይ ላይ የማስተርነት፣ ማለትም የአስተማሪነት ደረጃ፣ ማረጋገጫ ሰጣት። እሷ ራሷ ማስተሮችን ማሠልጠን የጀመረችው ከ1970 ወዲህ ነው፤ በ1980 እስክትሞት ድረስ ያወጣችው 22 ሰው ብቻ ነው። የማስተርነት ክፍያው 10,000 ዶላር ነበር።

10,000 ዶላሩ አሁንም ያከራክራል። በነጻ የተሰጠ ነገር ይናቃል የሚሉ አሉ፤ ታካታም ትል የነበረው ይህንኑ ነው። ድሀን የሚያገል ዋጋ ነው የሚሉም አሉ። ሁለቱም የሚስቱት ነገር ያለ ይመስለኛል። ገንዘቡ ባያስከብርም ያዘገይ ነበር። እሷ ስትሞት ክፍያውም መዘግየቱም አብረው ወደቁ። ዛሬ አንደኛና ሁለተኛ ደረጃን በአንድ ቅዳሜና እሑድ የሚያጠናቅቁ አሉ፤ በኢንተርኔት ማስተር የሚያደርጉም አሉ። ስለዚህ «የ20 ዓመት ማስተር» ሲባል 20 ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ሰው ሲቀበል የኖረ ሊሆን ይችላል፤ ከ20 ዓመት በፊት ባንድ ቅዳሜ ወረቀት ተቀብሎ አልፎ አልፎ ለዘመድ ወዳጅ እጁን የሚያሳርፍም ሊሆን ይችላል። ማስታወቂያው ሁለቱን አይለይም።

ከታካታ የወረደ ሌላም ነገር አለ። ኡሱዪን ስታስተዋውቅ በኪዮቶው ዶሺሻ ያስተምር የነበረ ክርስቲያን፣ በኋላም ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው አድርጋ ነበር። አጥኚዎች የሁለቱንም ተቋማት መዝገብ ቢያገላብጡ ስሙን አላገኙም። ጃፓን በፐርል ሐርበር አሜሪካን ካጠቃች በኋላ ጃፓናዊ ነገርን ለአሜሪካውያን ማቅረብ ምን ያህል ከባድ እንደነበር ለሚያስብ የታካታ ዘዴ ይገባዋል፤ አልፈርድባትም። አሁን ግን እውነቱ ከታወቀ ቆይቷል። በሙያው 30 ዓመት የኖረ ሰው ለአዲስ ተማሪ ያንኑ ተረት እውነት አስመስሎ ሲነግር ብሰማ፣ ዓመታቱ ምን እንዳስተማሩት እጠራጠራለሁ።

ወደ እጁ እንመለስ። የቆየ እጅ ይበልጥ ይሰማዋል የሚለው እምነት ሊፈተን የሚችል ነገር ነው፤ ከሬኪ ጋር ቅርብ ዝምድና ባለው «ቴራፒዩቲክ ተች» ላይም ተፈትኗል። የፈተነችው ሕፃን ልጅ ናት። ኤሚሊ ሮዛ ሥራውን ስትጀምር 9 ዓመቷ ነበር፤ ውጤቱ በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ በ1998 ሲታተም 11። ነገሩ እንዲህ ነው። ባለሙያው ሁለት እጆቹን በግርዶሽ ሥር አሾልኮ መዳፎቹን ወደ ላይ አድርጎ ይዘረጋል። ልጅቷ ሳንቲም ወርውራ በወጣላት መሠረት የራሷን እጅ ከአንደኛው መዳፍ ትንሽ ከፍ አድርጋ ታቆማለች። ባለሙያው በየትኛው በኩል እንዳለች ይናገራል። በቃ። 21 ባለሙያዎች 280 ጊዜ ተሞከሩ፤ በትክክል የመለሱት 123 ጊዜ ነው፤ 44 ከመቶ። ዝም ብሎ የሚገምት ሰው 50 ከመቶ አካባቢ ያገኛል። እኔን ይበልጥ የሳበኝ በጽሑፉ ውስጥ ብዙ የማይጠቀሰው አንድ መስመር ነው። የባለሙያዎቹ ልምድ ከ1 ዓመት እስከ 27 ዓመት ይደርስ ነበር፤ በልምዱ ርዝመትና በውጤቱ መካከል ግን ትርጉም ያለው ግንኙነት አልተገኘም። የ27 ዓመቱ እጅ ከአንድ ዓመቱ እጅ ይበልጥ እንደሚያውቅ አላሳየም ማለት ነው።

ፈተናው ጠባብ ነው የሚሉት ተቺዎች ልክ ናቸው፤ አንድ ችሎታን እንጂ ማረጋጋትን አልለካም። በራሱ በሬኪ ላይ የተደረጉትም ቢሆኑ ማስተሩን የሚጠቅሙ አይደሉም። በ2008 የታተመ አንድ ጥናት ፋይብሮማያልጂያ በሚባል ሥር የሰደደ የሰውነት ሕመም የሚሠቃዩ 100 ሰዎችን በዕጣ መደበ። ግማሾቹን ማስተሮች፣ ግማሾቹን ሬኪ የማያውቁ ተዋናዮች በሳምንት ሁለት ጊዜ ለ8 ሳምንት ተቀበሏቸው፤ በቅርብም በሩቅም ሆነው። በሕመሙ ላይ ለውጥ አልታየም፤ ማስተሩም ከተዋናዩ አልተሻለም። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ግምገማ ዘጠኝ ጥናቶችን ሰብስቦ ማስረጃው አይበቃም አለ። በ2015 ኮክሬን የተባለው የጥናት ገምጋሚ መረብ ድብርትንና ጭንቀትን ለይቶ ሲያይ ያገኘው ሦስት ጥናት ብቻ ነው፤ መደምደሚያውም ያው ነበር። ከወዲያኛው ወገን በ2017 የወጣ ግምገማ አለ፤ ከ13 ጥናቶች 8ቱ ሬኪ ከፕላሴቦ (ከይስሙላ ሕክምና) እንደሚሻል ያሳያሉ ይላል። ጸሐፊው የሬኪ ማኅበር ሰው ነው፤ ያ ብቻ አይጥለውም፤ ግን ጥናቶቹ ትናንሽ ናቸው። በ2019 ደግሞ 99 ሰጪዎች የሰጧቸውን 1,411 ክፍለ ጊዜዎች የመዘገበ ሥራ ወጥቷል፤ ተቀባዮቹ ከመተኛታቸው በፊትና ከተነሡ በኋላ ሲጠየቁ ሕመማቸውም ጭንቀታቸውም ቀንሶ ተገኘ። የሚያነጻጽሩት ሌላ ቡድን ስላልነበረ ግን የቀነሰው በሬኪው ይሁን ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ አንድ ሰዓት በመተኛት መለየት አይቻልም።

ለእኔ ከሁሉም በላይ ነገሩን የሚያበራው በ2011 በካንሰር ነርሶች መጽሔት የታተመው ነው። ኬሞቴራፒ የሚወስዱ 189 ሰዎች በሦስት ተከፈሉ፦ አንዱ ወገን የተለመደውን እንክብካቤ ብቻ፣ አንዱ ሬኪ፣ አንዱ ደግሞ የእጁን አቀማመጥ ብቻ ከሚያስመስል፣ ሬኪ ካልተማረ ሰው የይስሙላ ሬኪ አገኙ። ሬኪውም የይስሙላው ሬኪም የሰዎቹን ምቾት ከተለመደው እንክብካቤ በላይ አሻሻሉ፤ ሁለቱ ግን እርስ በርሳቸው አልተበላለጡም። ስለዚህ የሚሠራ ነገር አለ። የሚሠራው ግን ሰው አጠገብ ተቀምጦ፣ ሳይቸኩል፣ እጁን አሳርፎ መቆየቱ ይመስላል። ይህም ቀላል ነገር አይደለም። በሐርቫርድ የፕላሴቦ ተመራማሪው ቴድ ካፕቹክና ባልደረቦቹ በ2008 ባወጡት ጥናት የአንጀት መታወክ ያለባቸውን 262 ሰዎች በሦስት መደቡ፤ ሕክምና ሳያገኙ ተራ የሚጠብቁ፣ የይስሙላ አኩፓንክቸር (የመርፌ ሕክምና) በዝምታ የሚቀበሉ፣ ያንኑ የይስሙላ አኩፓንክቸር ከሚያዳምጥ፣ ከሚጠይቅና ከሚያዝን ባለሙያ የሚቀበሉ። ከሦስት ሳምንት በኋላ በቂ ፋታ አገኘን ያሉት በቅደም ተከተል 28፣ 44 እና 62 ከመቶ ነበሩ። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለው ልዩነት በሙሉ የሰው አያያዝ ነው። የልምድ ጥያቄ መነሣት ያለበት ከእጁ ይልቅ እዚህ ላይ ነው፦ ዓመታት የሰው አያያዝን ያሻሽላሉ ወይ?

መልሱ «በራሳቸው አያሻሽሉም» ነው። በሐኪሞች ላይ የተደረጉ 62 ግምገማዎችን የሰበሰበ በ2005 የወጣ ሥራ፣ ከግማሽ በሚበልጡት ውስጥ የአገልግሎት ዘመን በረዘመ ቁጥር ጥራቱ ሲቀንስ አገኘ፤ የዕውቀት ማርጀት አንዱ ምክንያት ነው። ለሬኪ ይበልጥ የሚቀርበው ግን በ2016 የወጣው የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ጥናት ነው፤ 170 ባለሙያዎችንና 6,591 ተቀባዮችን ለዓመታት ተከታተለ። ባለሙያዎቹ ልምዳቸው በጨመረ ቁጥር የተቀባዮቻቸው መሻሻል በአማካይ በጣም በትንሹ ቀነሰ እንጂ አልጨመረም። ሆኖም አንድ ነገር ተሻሻለ፤ ሕክምናውን በጅምር አቋርጠው የሚጠፉ ሰዎች ቀነሱ። ዓመታት ማዳንን ሳያስተምሩ ሰውን አለማስደንገጥን አስተምረዋል ብዬ ነው የማነበው። ሌላ ሰው ሌላ ሊያነበው ይችላል።

ለምን እንዲህ ይሆናል? ዳንኤል ካህነማንና ጌሪ ክላይን፣ በብዙ ነገር የማይስማሙ ሁለት ተመራማሪዎች፣ በ2009 አንድ ጽሑፍ አብረው ጻፉ። የቆየ ባለሙያ «ተሰማኝ» ሲል ማመን የሚገባን ሁለት ነገር ሲሟላ ነው አሉ፤ የሚሠራበት ነገር ወጥ የሆነ ሥርዓት ሲኖረውና ባለሙያው ልክ መሆኑን ወይም መሳሳቱን ቶሎና በግልጽ የሚነግረው ነገር ሲያገኝ። ወጌሻን አስቡ። የተሰበረ እጅ አስሮ ይሰድዳል፤ ከወር በኋላ እጁ ወይ ይቃናል ወይ ይጣመማል፤ ባለእጁም በዚያው መንደር ስለሚኖር ጠማማ እጁን ይዞ በወጌሻው ደጅ ያልፋል። ወጌሻው ወደደም ጠላም ውጤቱን ያያል። ሬኪ ሰጪ ይህ ዕድል የለውም። አንዲት ሴት ሦስት ጊዜ መጥታ ብትቀር ድና ይሆናል፣ ተስፋ ቆርጣ ይሆናል፣ ገንዘብ አጥሯት ይሆናል። ሰጪው የሚያስታውሰው አመስግነው የተመለሱትን ነው።

በዚያ ላይ በሙያው ውስጥ የሚነገሩ አንዳንድ አባባሎች ከስሕተት ለመማር የቀረችውን ያቺኑ ቀዳዳ ይደፍናሉ። አንዱ፣ ኃይሉ ወደሚያስፈልግበት ይሄዳል የሚለው ነው። ለወገቡ የመጣ ሰው ወገቡ ሳይሻለው ቢቀር፣ ኃይሉ ወደ ልቡ ሀዘን ሄዷል ይባላል። ሌላውና የከፋው «የፈውስ ቀውስ» የሚሉት ነው፤ ተቀባዩ ከሬኪው በኋላ ቢብስበት መርዙ እየወጣ ነው ይባላል። በእነዚህ ሁለት አባባሎች የታጠረ ሰው 40 ዓመት ቢሠራ አንድም ቀን አይሳሳትም። አንድም ቀን ያልተሳሳተ ደግሞ የሚማረው የለውም። ልምዱ የሚያሳድግለት ድፍረቱን ብቻ ነው፤ ብዙ ዓመት የቆየ ሰው ከጀማሪ ይበልጥ አደገኛ የሚሆነውም በዚህ መንገድ ነው። ጀማሪው ቢያንስ ይፈራል።

ታዲያ የሚማሩት ምን ይማራሉ? መልሱ ያለው ወዲያው በሚታይ ነገር ውስጥ ነው። ኃይሉ የት እንደሄደ ማንም አያይም፤ ትከሻዋ ላይ እጅ ሲያርፍ የደነገጠችን ሴት ግን ማንም ያያል። የተያዘ ትንፋሽ፣ የተጨበጠ ጣት፣ የተከፈተ ዐይን እዚያው መልስ ይሰጣሉ። ልምድ የሚሠራው እዚህ ነው።

ለምሳሌ አንዲት የጡት ካንሰር ሕክምና ላይ ያለች ሴት መጣች እንበል። ከትከሻዋ ዝቅ ብሎ፣ ከቆዳዋ ሥር፣ ነርሶች ፖርት የሚሉት ለመድኃኒት መስጫ የተቀበረ ዕቃ አለ። ፀጉሯ አልቆ ሻሽ አስራለች። ጀማሪዋ የተማረችው ሥዕል ላይ የመጀመሪያው የእጅ ቦታ ራስ ነው፤ ቀጥሎ ደረት አለ፤ በቅደም ተከተሉ ትሄዳለች። የቆየችዋ አልጋው ላይ ከማስተኛቷ በፊት ወንበር ስባ ትቀመጣለች። የት እንዲነካዎት አይፈልጉም? በጀርባ መተኛት ይችላሉ? ዕቃው በየት በኩል ነው? ሻሹን እንደታሰረ እንተወው? እጄን ሳላሳርፍ ከፍ አድርጌ ብይዘው ይሻልዎታል? ብላ ትጠይቃለች። አንዳንዴ መልሱ «እግሬን ብቻ» ይሆናል፤ ሰዓቱን ሙሉ እግሯን ይዛ ትቀመጣለች፤ የቀረው የአቀማመጥ ሥዕል ይቀራል። በመሀል «በቃኝ» ማለት እንደሚቻልም አስቀድማ ትናገራለች፤ ሰው ተጋድሞ፣ ዐይኑን ጨፍኖ፣ ሌላው ከላዩ ቆሞ እያለ «በቃኝ» ለማለት እንደሚከብደው ታውቃለች። ፈቃድ መጀመሪያ ላይ አንዴ ተጠይቆ የሚዘጋ አይደለም፤ እጁ ከትከሻ ወደ ሆድ ሲሄድ እንደገና ይጠየቃል።

ክፍለ ጊዜው ላይ ሴትየዋ ብታለቅስስ? ጀማሪዋ ትደናገጣለች፤ ወይ አቅፋ ታባብላለች፣ ወይ የለቅሶውን ትርጉም ትነግራታለች፦ «የልጅነት ቁስል ነው የወጣው»። የቆየችዋ መሐረብ ታቀብላለች፤ እጄን ላንሣ ወይስ ልተወው ብላ ትጠይቃለች፤ ሌላ አትጨምርም። ይህ ዝምታ በሦስት ቀን ሥልጠና አይገኝም፤ ብዙ ጊዜ ሳያስፈልግ ተናግሮ፣ የሰው ፊት ሲዘጋ አይቶ የሚመጣ ነው። መዳፏ ላይ የሆነ ነገር ቢሰማትም «ጉበትዎ ላይ የሆነ ነገር አለ» አትልም። በኤሚሊ ሮዛ ግርዶሽ ሥር ያየነውን ብቻ ብናስታውስ እንዲህ ያለው ንግግር መሠረት የለውም። የተነገራት ሴት ግን ቤቷ ገብታ ሌሊቱን ሳትተኛ ታድራለች፤ ሕይወቷ ውስጥ ጉበት የሚባል አዲስ ስጋት ገብቷል።

የሁሉም መለኪያ የሚሆነው ሰዓት ግን የሚመጣው በመጨረሻ፣ ጫማ ሲደረግ ነው። «ዛሬ እንዲህ ቀለል ካለኝማ የሚቀጥለውን ኬሞ ልተወው ይሆን?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ለሰጪዋ የሚያጓጓ ጊዜ ነው፤ ሥራዋ ተመስግኗል። መልሱ ሳይቅለሰለስ መምጣት አለበት፦ እሱን ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩ፤ እኔ ዘንድ የሚመጡት ከሕክምናው ጋር ነው፣ በሕክምናው ፋንታ አይደለም። በ2018 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ከመደበኛው የካንሰር ሕክምና ጋር ሌላ አማራጭ የተጠቀሙ 258 ሰዎችን ተመሳሳይ ሁኔታ ላይ ካሉ 1,032 ሰዎች ጋር አነጻጽሮ፣ የመጀመሪያዎቹ የመሞት ዕድል በእጥፍ ገደማ በልጦ አግኝቷል። አማራጩ በራሱ አልገደላቸውም፤ ሰዎቹ ከመደበኛው ሕክምና ከፊሉን፣ ቀዶ ሕክምናውን ወይም ኬሞውን ወይም ጨረሩን፣ እምቢ ማለታቸው ነበር ልዩነቱን ያመጣው። ሬኪ ራሱ አይጎዳም የሚለው ሐረግ እውነት ነው፤ ጉዳቱ የሚመጣው ከጎኑ ከሚነገረው ነው። በብሪታንያ ካንሰርን አድናለሁ ብሎ ማስታወቂያ ማውጣትን የሚከለክል ሕግ ከ1939 ጀምሮ አለ። ዛሬ ደግሞ በአገሪቱ ሬኪ ሰጪዎች በፈቃዳቸው የሚመዘገቡበት ተቋም አለ፤ የሥነ ምግባር ደንብ ያወጣል፣ ቅሬታ ይቀበላል። በአብዛኛው የአሜሪካ ክፍል ግን ለሬኪ የተለየ ፈቃድ የለም፤ ማንም ተነሥቶ ሬኪ ሰጪ ነኝ ማለት ይችላል። ስለዚህ ደንቡን የሚሸከመው የሰጪው ጠባይ ነው።

ስለ ገንዘብና ስለ ፈቃድ ባጭሩ፦ ከልምዱ የተማረ ሰው ተቀባዩን በጊዜ ይለቅቃል። አሥር ክፍለ ጊዜ በቅድሚያ ክፈሉ የሚል፣ ወይም ካልመጡ ይብስብዎታል የሚል ሰው ዘመኑ ምንም ያህል ቢረዝም ሱቅ ነው የሚጠብቀው። በሩቅ ሆኖ፣ ሰውየው ሳያውቅና ሳይፈቅድ ሬኪ መላክም ከዚህ አይሻልም። ጸሎት ነው ከተባለ ጸሎት ይባል፤ አገልግሎት ነው ከተባለ ተቀባዩ መጠየቅ አለበት።

ይህ ጉዳይ ለአማርኛ አንባቢ ሩቅ ሊመስል ይችላል። ግን አሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን በሆስፒታል ነርስነትና በአረጋውያን እንክብካቤ ይሠራሉ፤ እንደ ሃርትፎርድ ያሉ ሆስፒታሎች ደግሞ በበጎ ፈቃደኞች ሬኪ ይሰጣሉ። ስለዚህ አንድ ቀን የታመመች እናትዎ አልጋ አጠገብ አንዲት ፈረንጅ መጥታ «ሬኪ ትፈልጊያለሽ?» ብትል አይግረምዎት። ብዙው ሰው የሚያስበው መጀመሪያ ስለ ሃይማኖቱ ነው፤ ጥያቄው የእኛ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ካቶሊክ ጳጳሳት በ2009 ባወጡት መመሪያ የካቶሊክ ተቋማት ሬኪን ማስፋፋት እንደሌለባቸው ወስነዋል። በሥነ ምግባር የምትሠራ ሰጪ ይህን አትከራከርበትም። የጠቀሰችው «ኃይል» ምን እንደሆነ ስትጠየቅ፣ ይህ የአንድ የጃፓን ትውፊት እምነት ነው፣ እምነቱን ካልተቀበሉ እጄን ላሳርፍ የግድ የለም ብላ በግልጽ ትናገራለች፤ «ሃይማኖት አይደለም» ብላ አድበስብሳ አታልፍም።

ሕክምናን ስለመተው ግን እኛም የራሳችን ልምድ አለን። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በስፋት መሰጠት በጀመረበት ዘመን እንጦጦ ፀበል የገቡ ሰዎች መድኃኒቱን መተው አለባቸው የሚል ነገር ተስፋፍቶ ነበር፤ በ2007 ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ፀበሉና መድኃኒቱ እንደማይጋጩ፣ አብረው መወሰድ እንደሚችሉ በግልጽ ተናገሩ። ፀበሉን አላናናቁም፤ መድኃኒቱንም ለሐኪሙ ተዉለት። ሬኪ ውስጥ ያለ ሰው ከዚህ የተለየ ነገር እንዲናገር አይጠበቅበትም።

ሬኪ ሰጪ ለመምረጥ የሚፈልግ ሰው ካለ፣ ስንት ዓመት ሠሩ ከማለት ይልቅ የሚጠየቁ ሌሎች ነገሮች አሉ። ባለፈው ዓመት ስንት ሰው ተቀበሉ? መዝገብ ይይዛሉ? ምንም ያልተሻለውን ሰው ለመጨረሻ ጊዜ መቼ አገኙ፣ ምንስ አሉት? ወደ ሐኪም የላኩት ሰው ነበር? ይህን ስትጠየቅ ፈጥና «ሁሉም ተሽሏቸዋል» የምትል አለች፤ ትንሽ አስባ፣ ራስ ምታቱ አልለቅ ያለውን ሰው ሁለተኛ ቀን ላይ ሐኪም ቤት እንደሰደደችው፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ ደውላ እንደጠየቀች የምትናገርም አለች። ሁለቱም 20 ዓመት ሠርተው ይሆናል።